ዜሮው ከየት መጣ? የሞገድ ፈንክሽኖችን ኦርቶጎናሊቲ በእጅ አስልቶ ለመረዳት የሚረዳ መመሪያ

ኳንተም ኬሚስትሪ መማር የጀመረ ሰው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አንድ ሐረግ ያጋጥመዋል፦ «የተለያየ ኃይል ያላቸው የሞገድ ፈንክሽኖች እርስ በርሳቸው ኦርቶጎናል ናቸው።» ከሥሩ የሁለት ፈንክሽኖች ብዜት በኢንቴግራል ምልክት ታቅፎ፣ ከዜሮ ጋር እኩል ተደርጎ ይጻፋል። ተማሪው ይገለብጠዋል፣ ለፈተና ይሸመድደዋል፣ ፈተናው ሲያልፍ ይረሳዋል። እኔም ሸምድጄ ካለፉት አንዱ ነበርኩ። ነገሩ የገባኝ ዘግይቶ፣ ካልኩሌተር ይዤ ሰባት ጥንድ ቁጥሮችን አንድ በአንድ ሳባዛና ስደምር ነው።

ይህ መመሪያ በዚያው መንገድ ይወስዳችኋል። የሚያስፈልጋችሁ ወረቀት፣ እርሳስና ሳይንና ኮሳይን የሚያሰላ ካልኩሌተር ብቻ ነው። ስልካችሁ ላይ ያለውም ይበቃል። ሰባቱን ደረጃዎች በቅደም ተከተል ከሠራችሁ፣ የሚቴን ሞሌኪውል ማዕዘን ለምን 109.5 ዲግሪ እንደሆነ በገዛ እጃችሁ ታወጡታላችሁ፤ የምታወጡትም ከዚያች ዜሮ ነው።

1ኛ ደረጃ፦ ከግንበኛው ገመድ ጀምሩ

ግንበኛ የቤት መሠረት ሲያወጣ ማዕዘኑ ቀጥ ማለቱን በገመድ ያረጋግጣል። በአንዱ ጎን 3 ሜትር፣ በሌላው ጎን 4 ሜትር ለክቶ ምልክት ያደርጋል፤ በሁለቱ ምልክቶች መካከል ያለው ርቀት ልክ 5 ሜትር ከሆነ ማዕዘኑ 90 ዲግሪ ነው። ኦርቶጎናል የሚለው ቃል ከግሪክኛ የመጣ ሲሆን ትርጉሙም ይኸው ነው፦ ቀጤ ማዕዘን ያለው።

ያለ ገመድ፣ በቁጥር ብቻም ማረጋገጥ ይቻላል። ሁለት ቬክተሮችን ውሰዱ፦ (2፣ 1) እና (−1፣ 2)። የመጀመሪያውን ከመጀመሪያው፣ ሁለተኛውን ከሁለተኛው አባዙና ደምሩ፦ 2 × (−1) + 1 × 2 = 0። ድምሩ ዜሮ ስለሆነ ቬክተሮቹ ቀጤ ነክ ናቸው። በ(2፣ 1) እና በ(1፣ 2) ሞክሩት፤ 4 ይወጣል፤ ስለዚህ አይደሉም።

የዜሮውን ትርጉም ልብ በሉ። ወደ ምሥራቅ የቱንም ያህል ብትራመዱ ወደ ሰሜን አንድ ስንዝር አትጠጉም። አንዱ አቅጣጫ በውስጡ ከሌላው ምንም የለውም። ኦርቶጎናሊቲ ማለት ይህ ነው።

ፈንክሽንም እንዲሁ ቬክተር ነው፤ ልዩነቱ ሁለት ወይም ሦስት ቁጥሮች ሳይሆኑ በእያንዳንዱ ነጥብ ላይ አንድ አንድ ቁጥር ያለው መሆኑ ነው። ሥራው አይቀየርም፦ በየነጥቡ አባዙ፣ ከዚያ ሁሉንም ደምሩ። ኢንቴግራል የዚህ ረዥም ድምር ስም ነው።

2ኛ ደረጃ፦ ሰባት ነጥቦች ላይ አባዙና ደምሩ

ክራር የያዘ ሰው በአጠገባችሁ ካለ አንዱን ክር እንዲመታላችሁ ጠይቁት። በሁለት ጫፉ የታሰረ ክር በብዙ ዓይነት ቅርጽ ይርገበገባል። በመጀመሪያው ቅርጽ ክሩ በሙሉ አንድ ጉብታ ይሠራል። በሁለተኛው መሃሉ ጸጥ ብሎ ግራና ቀኙ በተቃራኒ አቅጣጫ ይወዛወዛሉ። በሦስተኛው ሦስት ጉብታዎች ይኖራሉ። ክሩን መሃሉ ላይ በጣት ጫፍ ቀስ ብሎ እየነካ ቢመታው የመጀመሪያው ቅርጽ ይጠፋና በኦክታቭ ከፍ ያለው ድምፅ ይሰማል።

በሳጥን ውስጥ የታሰረ ኤሌክትሮን የሞገድ ፈንክሽኖች የሚይዙት ቅርጽ በትክክል ይህንን ነው፤ ሁሉም ሳይን ናቸው። ሳጥኑን 8 እኩል ቦታ ክፈሉት። ጫፎቹ ላይ ፈንክሽኖቹ ዜሮ ስለሆኑ የሚቀሩት ሰባት ነጥቦች ናቸው። የመጀመሪያው ፈንክሽን በ1/8 ላይ ሳይን 22.5 ዲግሪ፣ በ2/8 ላይ ሳይን 45 ዲግሪ እያለ በ22.5 ይጨምራል። ሁለተኛው በ45፣ ሦስተኛው በ67.5 ዲግሪ ይዘላል። ካልኩሌተራችሁ ዲግሪ ላይ መሆኑን ከመጀመራችሁ በፊት አረጋግጡ፤ ራዲያን ላይ ከሆነ ሁሉም ነገር ይበላሻል።

የመጀመሪያውን በሁለተኛው አባዙ፦

1/8፦ 0.383 × 0.707 = 0.271
2/8፦ 0.707 × 1 = 0.707
3/8፦ 0.924 × 0.707 = 0.653
4/8፦ 1 × 0 = 0
5/8፦ 0.924 × (−0.707) = −0.653
6/8፦ 0.707 × (−1) = −0.707
7/8፦ 0.383 × (−0.707) = −0.271

ደምሩት፦ ዜሮ። ከየት እንደመጣ አሁን በዓይናችሁ አያችሁት። በግራ በኩል የተከማቸውን በቀኝ በኩል ያለው እኩል አድርጎ ከፍሎታል። ከመሃሉ በቀር በየትኛውም ነጥብ ላይ ብዜቱ ባዶ አልነበረም፤ ዜሮ የሆነው ሂሳቡ ሲዘጋ ነው።

አሁን የመጀመሪያውን በሦስተኛው አባዙ። ብዜቶቹ በቅደም ተከተል 0.354፣ 0.5፣ −0.354፣ −1፣ −0.354፣ 0.5 እና 0.354 ናቸው። እዚህ ግራው ቀኙን አይከፍልም፤ ሁለቱም ጎኖች አንድ ዓይነት ናቸው። ግን መሃል ላይ ያለችው −1 ሁለቱን 0.5ዎች ትውጣለች፤ የ0.354ዎቹም ሁለቱ ሁለቱን ያጣፋሉ። ድምሩ አሁንም ዜሮ ነው።

በመጨረሻ የመጀመሪያውን ፈንክሽን በራሱ አባዙ። ድምሩ 4 ይሆናል፤ በነጥቦቹ መካከል ባለው ርቀት በ1/8 ሲባዛ 1/2 ይሰጣል። በ1926 ማክስ ቦርን እንዳስረዳው የፈንክሽኑ ስኩዌር ኤሌክትሮኑ የመገኘቱን ዕድል ስለሚነግረን ጠቅላላው ዕድል 1 መሆን አለበት። ስለዚህ ፈንክሽኑን በ2 ስኩዌር ሩት እናባዛዋለን። በመጽሐፍ ውስጥ ከሳይኑ ፊት የምታዩት ቁጥር የመጣው ከዚህ ነው፤ ስሙም ኖርማላይዜሽን ይባላል።

3ኛ ደረጃ፦ ከማስላታችሁ በፊት መስታወት አቁሙ

ብዙ ጊዜ ማስላት አያስፈልግም። በሁለቱ ፈንክሽኖች መሃል መስታወት እንደቆመ አስቡና አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ በመስታወቱ ማዶ እያንዳንዱ ፈንክሽን ምልክቱን ይቀይራል ወይስ እንዳለ ይቆያል? አንዱ የሚቀይር፣ ሌላው የማይቀይር ከሆነ ብዜታቸው በአንዱ ጎን ፖዘቲቭ የሆነውን ያህል በሌላው ጎን ኔጌቲቭ ይሆናል። ውጤቱ ዜሮ ነው፤ እርሳስ ማንሳት አያሻም።

በአንድ አተም ላይ ያሉት ኤስ እና ፒ ኦርቢታሎች ኦርቶጎናል የሆኑት በዚህ ምክንያት ነው። ኤስ ክብ ነው፤ በሁሉም አቅጣጫ ምልክቱ አንድ ነው። ፒ ግን በአንድ በኩል ፖዘቲቭ፣ በሌላው በኩል ኔጌቲቭ የሆኑ ሁለት ክንፎች አሉት። ሁለቱ አንድ ቦታ ላይ ተደራርበው ይኖራሉ፤ ኢንቴግራላቸው ግን ዜሮ ነው። በሞሌኪውል ውስጥም ሲግማና ፓይ ኦርቢታሎች ለየብቻቸው የሚታሰቡት በዚሁ የመስታወት ሕግ ነው።

ጥንቃቄ አድርጉ፦ መስታወቱ ዜሮ ነው ካለ ነገሩ አልቋል። መስታወቱ ዝም ካለ ግን ዜሮ አይደለም ማለት አይደለም። የመጀመሪያውና የሦስተኛው ፈንክሽን ከላይ ያሳዩን ይህንን ነው። ያን ጊዜ ማስላት ግድ ይላል።

4ኛ ደረጃ፦ መስታወቱ ዝም ሲል ኖዱን ፈልጉ

የሃይድሮጅን አተም 1ኤስ እና 2ኤስ ሁለቱም ክብ ናቸው። ለመስታወት አይመቹም፤ ነገር ግን ኦርቶጎናል ናቸው። እንዴት?

ከኒውክለሱ ያለውን ርቀት ር እንበለው፤ የምንለካውም በቦር ራዲየስ፣ ማለትም በ0.529 አንግስትሮም ነው። 1ኤስ ከፊቱ ምንም የሌለበት፣ እየራቀ ሲሄድ የሚመናመን ኤክስፖኔንሻል ነው። 2ኤስ ደግሞ ቀስ ብሎ የሚመናመን ኤክስፖኔንሻል ሆኖ ከፊቱ (2 − ር) የሚል አባዢ አለው። ር ከ2 ሲያንስ ፖዘቲቭ ነው፤ 2 ላይ ዜሮ ይሆናል፤ ከዚያ ወዲያ ኔጌቲቭ ነው። ምልክቱ የሚቀየርበት ያ ክብ ገጽ ኖድ ይባላል።

አሁን አባዙና ደምሩ። በርቀት ር ያለው ክብ ቅርፊት ስፋቱ በር² ስለሚያድግ ብዜቱን በር² ማባዛት አትርሱ። የ1ኤስ ኤክስፖኔንት ር፣ የ2ኤስ ደግሞ የር ግማሽ ስለሆነ በድምሩ 1.5 ር ይሆናል። በዚህ ኤክስፖኔንሻል ተባዝቶ ሲደመር ር² 2 ÷ 1.5³፣ ር³ ደግሞ 6 ÷ 1.5⁴ ይሰጣል፤ ስለዚህ ድምሩ ሁለት ክፍል አለው፦

ከ2 የመጣው፦ 2 × 2 ÷ 1.5³ = 4 ÷ 3.375 = 1.185
ከር የመጣው፦ 6 ÷ 1.5⁴ = 6 ÷ 5.0625 = 1.185

ልዩነታቸው ዜሮ ነው። በኖዱ ውስጥ የተጠራቀመው ከኖዱ ውጭ ባለው ተከፍሏል። ስለዚህ ኖድ ለጌጥ የተቀመጠ አይደለም፤ 2ኤስ ከ1ኤስ ነጻ ሆኖ ለመኖር የሚከፍለው ዋጋ ነው። በየደረጃው የኃይል መጠን ሲጨምር የኖዶች ቁጥር የሚጨምረውም አዲስ የመጣው ፈንክሽን ከበታቹ ካሉት ሁሉ ጋር ሂሳቡን መዝጋት ስላለበት ነው።

5ኛ ደረጃ፦ ዋስትናው መቼ እንደሚሠራ ለዩ

እስካሁን ያየናቸው ዜሮዎች የአጋጣሚ አይደሉም። በሽሮዲንገር እኩልታ ውስጥ ኃይልን የሚወክለው ሃሚልቶኒያን ሄርሚሺያን የሚባል ጠባይ አለው፦ በሁለት ፈንክሽኖች መካከል ስታስቀምጡት በግራው ላይም ቢሠራ በቀኙም ላይ ቢሠራ ውጤቱ አንድ ነው። በቀኝ ሲሠራ የቀኙን ፈንክሽን ኃይል ያወጣል፤ በግራ ሲሠራ የግራውን። ሁለቱ ውጤቶች እኩል ስለሆኑ የኃይሎቹ ልዩነት በኢንቴግራሉ ሲባዛ ዜሮ መሆን አለበት። ኃይሎቹ ከተለያዩ ልዩነቱ ዜሮ አይደለም፤ ስለዚህ ዜሮ ሊሆን የሚችለው ኢንቴግራሉ ብቻ ነው። ማረጋገጫው ይኸው ነው።

ከዚህ የሚወጡ ሁለት ጥያቄዎችን ደብተራችሁ ላይ ጻፉ፦

አንደኛ፦ ሁለቱ ፈንክሽኖች የአንድ ሃሚልቶኒያን መፍትሔዎች ናቸው?
ሁለተኛ፦ ኃይላቸው ይለያያል?

ለሁለቱም መልሱ «አዎ» ከሆነ ዋስትና አላችሁ። ኃይላቸው እኩል ከሆነ ዋስትናው ይነሳል፤ ሆኖም ኦርቶጎናል የሆኑትን መምረጥ ይቻላል። ሦስቱን የ2ፒ ኦርቢታሎች በሦስት ቀጤ ነክ አቅጣጫዎች የምንስላቸው ስለዚህ ነው። የመጀመሪያው ጥያቄ መልስ «አይደሉም» ከሆነ ግን ወደሚቀጥለው ደረጃ ሂዱ።

6ኛ ደረጃ፦ ዜሮ ካልሆነ አስተካክሉት

ሁለት የሃይድሮጅን አተሞችን አቀራርቡ። የአንዱ 1ኤስ በአንዱ ኒውክለስ፣ የሌላው 1ኤስ በሌላው ኒውክለስ የተሠራ ነው፤ የአንድ ሃሚልቶኒያን መፍትሔዎች አይደሉም። ኦርቶጎናል መሆን አይጠበቅባቸውም፤ አይደሉምም። የብዜታቸው ኢንቴግራል ኦቨርላፕ ይባላል፤ በሃይድሮጅን ሞሌኪውል ርቀት፣ በ1.4 የቦር ራዲየስ ላይ፣ 0.753 ነው። ይህ ትልቅ ቁጥር ነው። ሁለቱ አተሞች ተሳስረው የሚኖሩት ፈንክሽኖቻቸው እንዲህ ስለሚጋሩ ነው።

ለስሌት ግን ኦርቶጎናል የሆኑ ፈንክሽኖች ይመቻሉ። ሦስት መንገዶች አሉ። የአንዱን አተም ፈንክሽን ሀ፣ የሌላውን ለ እንበላቸው።

የመጀመሪያው መንገድ መደመርና መቀነስ ነው፦ (ሀ + ለ) እና (ሀ − ለ)። ብታባዟቸው 1 − 0.753 + 0.753 − 1 = 0 ይወጣል። የመጀመሪያው አተሞቹን የሚያስተሳስረው፣ ሁለተኛው የሚያለያየው ኦርቢታል ነው። ኖርማላይዝ ስታደርጓቸው ድምሩ በ0.534፣ ልዩነቱ በ1.423 ይባዛል። ሁለቱን ቁጥሮች እኩል አድርጎ 0.707 መጻፍ የሚቻለው ኦቨርላፑን ዜሮ ነው ብላችሁ ስትገምቱ ብቻ ነው።

ሁለተኛው መንገድ የግራምና የሽሚት ዘዴ ነው። ሀን እንዳለ ተዉት። ከለ ውስጥ የሀን ድርሻ፣ ማለትም 0.753 × ሀን፣ ቀንሱ። የቀረውን በ1.52 አባዙት። አዲሱ ለ ከሀ ጋር ኦርቶጎናል ነው። ጉዳቱ ለውጡ ሁሉ በለ ላይ ብቻ መውደቁ ነው፤ ሀን ሳይሆን ለን አስቀድማችሁ ብትጀምሩ ሌላ መልስ ታገኛላችሁ።

ሦስተኛውን ስዊድናዊው ፐር-ኦሎቭ ሎውዲን በ1950 አቀረበው። ሸክሙን ለሁለቱም እኩል ያካፍላል፤ አዲሶቹ ፈንክሽኖችም ከቀድሞዎቹ በተቻለ መጠን ብዙ አይርቁም። በሁለት ተመሳሳይ አተሞች መካከል ፍትሐዊው መንገድ ይህ ነው። የኳንተም ኬሚስትሪ ፕሮግራሞች በየስሌቱ መጀመሪያ ላይ የኦቨርላፕ ሰንጠረዥ ሠርተው እንዲህ ባለ መንገድ ያስተካክላሉ።

7ኛ ደረጃ፦ ማዕዘኑን ከዜሮው አውጡ

አሁን የደከማችሁበትን ፍሬ ሰብስቡ። በ1931 ላይነስ ፖውሊንግ ባቀረበው አካሄድ የካርቦን አንድ ኤስ እና ሦስት ፒ ኦርቢታሎች ተቀላቅለው አራት እኩል ኦርቢታሎች ይሆናሉ። እያንዳንዱ ሩብ ኤስ፣ ሦስት ሩብ ፒ ነው። ሁለቱን ውሰዱና አባዟቸው። የኤስ ድርሻቸው 1/4 ይሰጣል። የፒ ድርሻቸው ልክ እንደ ቬክተር አቅጣጫ ስላለው 3/4 በመካከላቸው ባለው ማዕዘን ኮሳይን ተባዝቶ ይገባል። ኤስ ከፒ ጋር በ3ኛው ደረጃ እንዳየነው ዜሮ ነው። ስለዚህ፦

1/4 + 3/4 × ኮሳይን = 0
ኮሳይን = −1/3
ማዕዘኑ = 109.5 ዲግሪ

ይህ የሚቴን ማዕዘን ነው። ስለ ኤሌክትሮኖች መገፋፋት አንድም ነገር ሳንናገር፣ አራቱ ኦርቢታሎች እኩልና ኦርቶጎናል ይሁኑ ብለን ብቻ ወጣ። ሩቡን በሲሶ ተኩት፦ 1/3 + 2/3 × ኮሳይን = 0፤ 120 ዲግሪ፤ የኤቲሊን አካሄድ ነው። ግማሽ አድርጉት፤ 180 ዲግሪ፤ አሴቲሊን።

ወደ ኋላም መሄድ ይቻላል። የውሃ ማዕዘን 104.5 ዲግሪ ነው፤ ኮሳይኑ −0.25። ለሃይድሮጅኖቹ የተዘረጉት ሁለት ኦርቢታሎች አቅጣጫቸው በትስስሩ ላይ ነው ካልን የኤስ ድርሻቸው 0.2 ይሆናል፤ 0.2 + 0.8 × (−0.25) ዜሮ ነውና። ኦክስጅን ያለው አንድ ኤስ ብቻ ስለሆነ የቀረው 0.6 ትስስር ውስጥ ላልገቡት ሁለት ኦርቢታሎች ሲካፈል 0.3፣ 0.3 ይደርሳቸዋል። ከአንዲት የማዕዘን ልኬት ተነስታችሁ ኤሌክትሮኖቹ እንዴት እንደተደለደሉ አነበባችሁ።

አንድ ነገር ለይታችሁ ያዙ፦ ድርሻው ስንት ይሁን የሚለውን የሚወስነው ኃይል ነው። ድርሻው ከታወቀ በኋላ ማዕዘኑን የሚወስነው ኦርቶጎናሊቲ ነው።

ብዙ ሰው የሚሰናከልባቸው ቦታዎች

ኦርቶጎናል ማለት «አይነካኩም» ማለት አይደለም። ኤስ እና ፒ አንድ ቦታ ላይ ሆነው ኦርቶጎናል ናቸው። በጣም የተራራቁ አተሞች ፈንክሽኖችም ኢንቴግራላቸው ወደ ዜሮ ይጠጋል፤ ምክንያቱ ግን ሌላ ነው።

የስሌተር ዓይነት ኦርቢታሎችን ስትጠቀሙ ተጠንቀቁ። እነዚህ ክብ ኖድ የላቸውም፤ ስለዚህ የአንድ አተም 1ኤስ እና 2ኤስ ሆነው እንኳ ኦርቶጎናል አይደሉም። ራሳችሁ ማስተካከል አለባችሁ።

በሦስት ልኬት ስትደምሩ ር²ን አትዘንጉ። በ4ኛው ደረጃ ብትተዉት ዜሮ አይወጣም፤ ስህተቱንም ፈልጋችሁ ለማግኘት ትቸገራላችሁ።

ዛሬ ማታ ሁለት ነገር ሥሩ። በሳጥኑ ውስጥ ሁለተኛውን ፈንክሽን በሦስተኛው በሰባቱ ነጥቦች ላይ አባዙና ደምሩ። ከዚያ የሃይድሮጅን ሰልፋይድን ማዕዘን፣ 92.1 ዲግሪን፣ ይዛችሁ የኤስ ድርሻውን አውጡ፤ ከ4 በመቶ በታች ካገኛችሁ ልክ ናችሁ። የሸመደዳችሁት ፈተናው ሲያልፍ ይሄዳል፤ በእጃችሁ ያሰላችሁት ግን አብሯችሁ ይኖራል። ለሌላ ተማሪ ስታስረዱም ከቀመሩ አትጀምሩ፤ ወረቀትና እርሳስ አቀብሉትና ሰባቱን ቁጥሮች ራሱ ይደምር።